«ትናንት ደህና አልነበርሽ?» — የአስም ታሪክ ለቤተሰብና ለጓደኛ



ስለ አስም ስጽፍ ብዙ ጊዜ የማናግረው ታማሚውን ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው አብራችሁት ለምትኖሩት ለእናንተ ነው፦ ለእናት፣ ለባል፣ ለሚስት፣ ለታላቅ ወንድም፣ አንድ ዶርም ለምትጋሩ ጓደኞች፣ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ለምትቀመጡ የሥራ ባልደረቦች። ታማሚዎቼን «ከመተንፈሱ ሌላ ምን ያስቸግራችኋል?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ ስለ ሰው ነው። «አታካብጂው ይሉኛል።» «ትናንት ደህና አልነበርሽ? ይሉኛል።» «ጭንቀት ነው፣ ተረጋጋ ይሉኛል።» «ያንን የሚነፋ ነገር ከለመድሽው አትተዪውም ይሉኛል።» አንዳንዷ እናት ደግሞ አንገቷን ደፍታ «በብርድ ስላወጣሽው ነው ይሉኛል» ትለኛለች።

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ሌሊት ተነሥተው ጀርባ የሚያሹ፣ ለመድኃኒት የሚበደሩ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ደግሞም አባባሎቹ ከመንደር ወሬ ብቻ የመጡ አይምሰላችሁ። አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ትልልቅ ሐኪሞች በመጽሐፍ የጻፏቸው፣ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሯቸው ናቸው። ሕክምናው ከተዋቸው ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ቤት ውስጥ ግን አሁንም ይነገራሉ። ስለዚህ ዛሬ ከምክሩ በፊት ታሪኩን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ግን አስም ሲነሳ ምን እንደሚሆን እንግባባ። የአስም ታማሚ የአየር ቧንቧዎች ከውስጥ በኩል የተቆጡ ናቸው። ሰውየው ደህና ሆኖ በሚስቅበት ቀን እንኳ ቁጣው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በዚህ ላይ ጭስ፣ አቧራ፣ ጉንፋን፣ ቀዝቃዛ አየር ወይም ሩጫ ሲጨመርበት በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ የውስጡ ግድግዳ ያብጣል፣ የቀረውን ክፍተት ወፍራም አክታ ይሞላዋል። አየር ለማስገባት ብቻ ሳይሆን የገባውን ለማስወጣት ትግል ይሆናል። «ሲር ሲር» የሚለው ድምፅ አየሩ በጠባቡ መንገድ ተጨናንቆ ሲወጣ የሚሰማ ነው።

የልብም የሳንባም ችግር የሌለባችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ቀጭን የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አፋችሁ ውስጥ አድርጉ፣ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ያዙ፣ ለግማሽ ደቂቃ በስትሮው ብቻ ተንፍሱ። እንዲህ እየተነፈሳችሁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ስትወጡ፣ ወይም አለቃችሁ ጥያቄ ጠይቋችሁ ስትመልሱ ገምቱ። እናንተ ሲበዛባችሁ ስትሮውን ታወጡታላችሁ። ታማሚው የሚያወጣው ስትሮ የለውም።

ሰውን የሚያወዛግበው ደግሞ የበሽታው ጠባይ ነው። የተሰበረ እግር ጠዋትም ማታም የተሰበረ ነው። አስም ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ቅዳሜ ኳስ የተጫወተ ልጅ እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ አየር ይለምናል። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደረቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ያየው የቅዳሜውን ኳስ ነው፤ የሌሊቱን ያየው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ብቻ ነው። «ትናንት ደህና አልነበርክ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዎ፣ ትናንት ደህና ነበር። አስም ማለት ይኸው ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ «አስም» የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ማለከለክ፣ በአፍ መተንፈስ እንደማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች ሰውን የሚያስለከልከውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለነበር በዚያ ዘመን ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ሰው ግን ልጥቀስ። በሳላዲን ዘመን በግብፅ የቤተ መንግሥት ሰዎችን ያክም የነበረው አይሁዳዊው ሐኪም ሙሳ ኢብን ማይሙን (ማይሞኒደስ) በ1190 ገደማ አስም ለሚያሠቃየው አንድ ባለሥልጣን በዐረብኛ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈለት። የሚገርመኝ መድኃኒቱ አይደለም። ትኩረቱ ሰውየው በሚኖርበት ሁኔታ ላይ ነው፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለሚኖርበት ከተማ አየር፣ ስለ ስሜቱ ይጽፋል። ተአምረኛ መድኃኒት ይዣለሁ አላለም። ከ800 ዓመት በፊት የተጻፈ ቢሆንም ዛሬ «ሦስት ቀን ጠጥተህ ትድናለህ» እያሉ ማስታወቂያ ከሚለጥፉት እሱን ባምን እመርጣለሁ።

ነገሩ የተበላሸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞች አስም የቧንቧ ጡንቻ መኮማተር መሆኑን በደንብ ተረድተው ነበር። ጡንቻን የሚያኮማትረው ነርቭ ነው፤ እንግዲያው አስም የነርቭ በሽታ ነው አሉ። ከነርቭ ተነሥቶ «የጠባይ ጉዳይ ነው፣ የመንፈስ ድካም ነው» እስከሚለው ያለው መንገድ አጭር ነው። የፓሪሱ ታዋቂ ሐኪም አርማን ትሩሶ ራሱ አስም ነበረበት። አንድ ቀን ሠረገላ ነጂው የፈረሶቹን አጃ እየሰረቀው እንደሆነ ጠርጥሮ ለማረጋገጥ ጎተራ ገባ፤ አጃው ሲሰፈር አስሙ ክፉኛ ተነሳበት። ትሩሶ ከዚህ የበለጠ አቧራ ባለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቆሜ ምንም ሳልሆን ቀርቻለሁ ብሎ አሰበ፤ ስለዚህ ንዴቱ አቧራው ላይ ተጨምሮ ነው የጣለኝ ሲል ደመደመ። ዛሬ ታሪኩን የሚሰማ የአለርጂ ሐኪም ፈገግ ይላል። የአጃ አቧራና የመንገድ አቧራ አንድ አይደሉም። ትሩሶ የትኛው አቧራ እንደሆነ የሚለይበት ምርመራ አልነበረውም፤ ስሜቱን ግን ያውቀዋል፣ ስለዚህ የሚያውቀውን ወነጀለ።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ሄንሪ ሃይድ ሳልተር የሚባል ሌላ ሐኪም ነበር፤ እሱም አስም ያለበት። በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከሚያመሰግናቸው መድኃኒቶች አንዱ ወፍራም ቡና ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፣ ሐሰትም አይደለም፦ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በሆስፒታሎቻችን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው የአሚኖፊሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቧንቧውን በጥቂቱ ያላላል። ግን አቅሙ ትንሽ ነውና አስም የተነሳበትን ሰው ቡና ፈልታ እስክትቀርብ አታስጠብቁት። ከሰሉና ዕጣኑ ደግሞ ቡናው የሰጠውን መልሰው ይወስዱታል።

የዚያ ዘመን ሌላው መድኃኒት ሲጋራ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? በ1802 ገደማ ከህንድ ወደ እንግሊዝ የመጣ ልማድ ነው፤ የዳቱራ ቅጠል ደርቆ ይጨሳል። ዳቱራ እኛ አገር በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ተክል ነው። ቧንቧን የሚያላላ ንጥረ ነገር በእርግጥ አለው፤ ዛሬ በድንገተኛ ክፍል የምንጠቀምበት አይፕራትሮፒየም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ተክሉ ራሱ መርዝ ነው። ሰውን ያስቃዣል፣ ያስለፈልፋል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ስሙም ይህን ጠባዩን የሚጠቁም ይመስለኛል። ፈረንጅ ያጨሰው ነበር ብላችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት!

አሁን ሁለት ቤተሰቦችን ላስተዋውቃችሁ። ሁለቱም ሀብታሞች፣ ሁለቱም ልጃቸውን የሚወዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በ1858 የተወለደው ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ ሌሊት እየተነሳ ያፍነው ነበር። አባቱ አቅፎት ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንዳንድ ሌሊት ሠረገላ አስጠምዶ ልጁ አየር እንዲያገኝ በከተማው ጎዳና ያንሸራሽረዋል። በዘመኑ ምክር መሠረት ወፍራም ቡና አጠጥተውታል፣ ሲጋር እንኳ አስጭሰውታል። ከሕክምና አንጻር ብዙው ጥቅም የለሽ፣ አንዳንዱም ጎጂ ነበር። ሩዝቬልት ግን ትልቅ ሰው ሆኖ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ከልጅነቱ ያስታወሰው በአባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ያሳለፈውን ሌሊት ነው። አባትየው ልጁን አምኖታል፤ «አስመስለህ ነው» አላለውም።

ይህ ታሪክ አንድ ጎጂ ቅጥያ አለው። ሩዝቬልት ካደገ በኋላ ክብደት አነሳ፣ ቦክስ ተማረ፣ ፈረስ ጋለበ፤ ስለዚህ «አስሙን በወኔ አሸነፈው» ይባላል። እኛም ጋ «ስፖርት ብትሠራ ይለቅህ ነበር» የሚል አጎት አይጠፋም። በደንብ የተያዘ አስም ያለው ሰው ስፖርት መሥራቱ ጥሩ ነው፣ እመክራለሁም። ነገር ግን የብዙ ልጆች አስም ሲያድጉ በራሱ ይቀልላል። የቀለለለት «አሸነፈ» ከተባለ፣ ያልቀለለለት «ሰነፍ» መባሉ ነው።

ሁለተኛው ቤት ፓሪስ ነው። ደራሲው ማርሴል ፕሩስት በ1881፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከቤተሰቡ ጋር በቡሎኝ ጫካ በእግር ተንሸራሽሮ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ አስም ያዘው። አባቱ አድሪየን ፕሩስት ተራ ሰው አልነበረም፤ በወረርሽኝ ቁጥጥር ስሙ የታወቀ የሕክምና ፕሮፌሰር ነው። ወንድሙም ሐኪም ሆነ። ይህ ቤት ግን የዘመኑን ትምህርት ከማንም በላይ ያውቅ ስለነበር ልጁን ያየው በዚያ መነጽር ነው፦ ነርቩ ደካማ ነው፣ ኑሮው ሥርዓት የለውም። አባትየው በ1897 ከሌላ ሐኪም ጋር ስለ ነርቭ ድካም መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ማርሴል ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነቃ ስለነበር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር፤ ሌሊቱን እንዴት እንደተነፈሰ፣ ምን ያህል እንዳጨሰ ይነግራታል። አስቡት፣ ከክፍልህ ወጥተህ መናገር የማትችለውን በወረቀት ማስረዳት። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በቡሽ አስለበጠ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ እዚያው ውስጥ ዳቱራ ያለበት ዱቄት እያጨሰ ጻፈ። በ1922 በሳንባ ምች በ51 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው በ1922 ሁበርና ኮስለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአስም የሞቱ ሰዎችን ሳንባ በማይክሮስኮፕ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የቧንቧው ግድግዳ ወፍሯል፣ ውስጡ በአክታ ተደፍኗል፣ በአለርጂ ጊዜ በሚበዙ የደም ሕዋሳት ተሞልቷል። ይህ ሥራ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ አስም ይገድላል። ከዚያ በፊት እንደ ዊሊያም ኦስለር ያለ የዘመኑ ታላቅ መምህር እንኳ በ1892 መጽሐፉ አስም በተነሳበት ሰዓት ሰው አይሞትም ብሎ ጽፎ ነበር። «አስም አይገድልም» የሚለውን አባባል እስከ ዛሬ እሰማለሁ፤ አንዳንዶች ለማጽናናት ይሉታል። ሁለተኛ፣ በሽታው በዓይን የሚታይ፣ ሥጋ ላይ ያለ ነገር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። በ1940ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ፍራንዝ አሌክሳንደር የሚባል የሥነ ልቦና ሐኪምና ባልደረቦቹ አስም በልጁና በእናቱ መካከል ካለው ግንኙነት ይመነጫል ብለው አስተማሩ። የልጁ «ሲር ሲር» ታፍኖ የቀረ፣ እናቱን የሚጠራበት ለቅሶ ነው አሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ብዙ ሰው አመነው። ውጤቱ ግን እናቶች ላይ ወደቀ። እጅግ ከተጨነቀች «አፍናዋለች» ትባላለች፣ ካልተጨነቀች «ገፍታዋለች» ትባላለች።

መሪ ፔሽኪን የሚባል የሕፃናት አስም ሐኪም ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደ። ሕክምና እምቢ ያላቸውን ልጆች ከቤታቸው አውጥቶ ዴንቨር ከተማ በሚገኝ ማቆያ፣ ከወላጆቻቸው ርቀው፣ እስከ ሁለት ዓመት እንዲኖሩ ማድረግ። የዘዴው ስም ራሱ ያስደነግጣል፤ ትርፍ አንጀት ተቆርጦ እንደሚወጣ ሁሉ «ወላጅን ቆርጦ ማውጣት» የሚል ትርጉም አለው። ብዙ ልጆች ተሻላቸው። ስለዚህ ወላጆቹ ናቸው ጥፋተኞቹ ተባለ። እናቶች ይህን ሰምተው ልጃቸውን በባቡር ሸኝተዋል።

ከዚያ በ1960ዎቹ ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ውስጥ ፎርሆርስትና ስፒክስማ የሚባሉ ተመራማሪዎች የቤት አቧራ ሰውን የሚያስነጥሰውና የሚያፍነው ለምን እንደሆነ ደረሱበት። ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ የአቧራ ቅንጣት ተባይ አለ፤ ቆሻሻው አለርጂ ያመጣል። ይህ ተባይ እርጥበት ይወዳል። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ናት፤ ተባዩ እዚያ እምብዛም አይመቸውም። ለብዙዎቹ ልጆች መሻል አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ እንደሆነ አምናለሁ። ልጆቹ ትተውት የመጡት እናታቸውን ብቻ አልነበረም፤ ፍራሻቸውንም ነው። መድኃኒታቸውም እዚያ በሰዓቱ ይሰጣቸው ነበር።

ስሜት ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ከልብ መሳቅም፣ ማልቀስም፣ መደንገጥም አስምን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ግን የሚቀሰቅሱት ቀድሞ የተቆጣ ቧንቧን ነው። ክብሪት ቤንዚን የሌለበትን ግቢ አያቃጥልም። አየር ያጠረው ሰው መጨነቁ ደግሞ የተፈጥሮ ነው፤ ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማፈኑ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ተረጋጊ» ከማለታችሁ በፊት መድኃኒቷን አቀብሏት፤ አየር ስታገኝ ራሷ ትረጋጋለች።

ስለ መድኃኒቱ ካነሳን፣ ዛሬ በየቦርሳው ያለው ኢንሄለር የተወለደው ከአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። በ1955 አሜሪካ ውስጥ የራይከር መድኃኒት ፋብሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጅ ሜዞን የ13 ዓመት ልጁ አስም ነበረባት። መድኃኒቷን የምትወስድበት የመስታወት መሣሪያ በእጅ የሚጨመቅ፣ የሚሰበር፣ ለትምህርት ቤት የማይመች ነበር። ለምን እንደ ፀጉር መርጫ በቆርቆሮ አይሠራም ብላ አባቷን ጠየቀችው። አባትየው ጥያቄውን ፋብሪካው ወስዶ ሠራተኞቹን አሠማራበት፤ በ1956 የመጀመሪያው ኢንሄለር ገበያ ላይ ዋለ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የምወደው ይህን ነው፦ አንድ አባት ልጁ ምን እንደሚያስቸግራት አዳመጠ።

ቀጥሎ የመጣው ግን አሳዛኝ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት ጨመረ። ከፍተኛ መጠን ያለው አይዞፕሬናሊን ኢንሄለር ከሞቶቹ ጋር ተያያዘ። ሰዎች ቶሎ ስለሚያቀልላቸው እሱን ብቻ እየደጋገሙ ይነፉ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ያዘገዩ ነበር። «ከለመዱት አይተዉትም» የሚለው ፍርሃት ከዚያ ዘመን የተረፈ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም። በ1969 ለልብ የተሻለው ሳልቡታሞል መጣ፣ በ1972 ደግሞ ቁጣውን ራሱን የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን በኢንሄለር መልክ ቀረበ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፣ ምክንያቱም እኛ አገር በየቀኑ የማየው ችግር ይህ ነው። ሳልቡታሞል (ብዙዎቻችሁ ቬንቶሊን የምትሉት ሰማያዊው) የተኮማተረውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት ያላላል፤ ቁጣውን አይነካም። ቁጣውን የሚያበርደው በየቀኑ የሚወሰደው ስቴሮይድ ያለበት ኢንሄለር ነው። እሱ ሲነፉት ወዲያው ምንም ስለማይሰማ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል፣ ሰማያዊውን ብቻ ከፋርማሲ እየገዛ ዓመታት ይኖራል። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ በ2019 ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀም አንመክርም እስከ ማለት የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ሱስ አያስይዙም። በየጊዜው ሰማያዊውን ስትነፋ ካያችኋት «ለመደችው» አትበሉ፤ አስሟ አልተያዘምና «ሐኪምሽ ጋ አብሬሽ ልሂድ?» በሏት። ለጋብቻ ስትታጭ ኢንሄለሯን ደብቃ፣ ካገባች በኋላም መታጠቢያ ቤት ገብታ የምትነፋ ሴት ስንቷ እንደሆነች ብታውቁ ይህን ጥያቄ ዛሬውኑ ትጠይቁ ነበር።

«በእኛ ጊዜ አስም የሚባል ነገር አልነበረም» የሚሉ አያቶችም አሉን። በዚህ ነገር ከእነሱ ጋር መከራከር አልወድም፣ ምክንያቱም እውነትነት አለው። በ1997 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። ቀጥሎ በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች «ሲር ሲር» የሚል ትንፋሽ እንደሚያንሳቸው አገኘ፤ ትሉ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የማባበል ጠባይ አለው። (ትል ይሻለኛል እንዳትሉ፤ ደም ያሳንሳል።) እናም እማማ ገጠር ሲያድጉ አስም የያዘው ጎረቤት ላያዩ ይችላሉ። የልጅ ልጃቸው ግን ያደገችው በሌላ አየር፣ በሌላ ቤት ነው። ያላዩትን በሽታ «የዘመኑ ልጆች ቅንጦት» ማለታቸው ይገባኛል። እንዲህ ብላችሁ ብታስረዷቸው ከማንም በላይ ጠባቂዋ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው።

ቤታችሁ ውስጥ ትልቁ ነገር ጭስ ነው። በርበሬ ሲታመስ፣ ከሰል ሲቀጣጠል፣ ዕጣን ሲጨስ እሷን ውጪ ከማስወጣት ጭሱን ውጪ ማውጣት ይሻላል፤ በረንዳ ላይ ወይም ጓሮ። ቡና ያለ ዕጣን ይጠጣል፤ እንግዳም አይቀየምም። ለደመራ ልጁን ከነፋሱ በስተጀርባ አቁሙት። ከሰል እያጨሱ በር ዘግቶ መተኛትማ አስም ለሌለበትም ሞት ነው።

ትንሽ ልጅ ኢንሄለሩን በትክክል መሳብ ስለማይችል ስፔሰር የሚባል መያዣ ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይገኝም። በ1999 ኬፕታውን ውስጥ ዶክተር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደተገዛው ስፔሰር ያህል እንደሚሠራ አረጋገጡ። የእኛው ሃይላንድ ማለት ነው። በጠርሙሱ ቂጥ ላይ በጋለ ሽቦ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀዳዳ አውጡ፣ አየር እንዳያሾልክ አጥብቃችሁ ግጠሙት። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይያዝ፤ አንዴ ንፉና አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይተንፍስ፣ ከዚያ ቀጣዩን።

አስም ሲነሳ አታስተኙ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አትክበቡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ አንድ ሰው ብቻ ያናግር፣ እሱም ረጅም መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አይጠይቅ። ሰማያዊውን አንድ በአንድ አራት ጊዜ ስጡና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻለ ደግማችሁ እየሰጣችሁ ወደ ሆስፒታል መንገድ ጀምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ የልጁ የጎድን አጥንቶች መካከል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ወይም ድንገት እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሲር ሲር» የሚለው ድምፅ ጠፍቶ ሰውየው ግን እየደከመ ከሄደ «ተሻለው» ብላችሁ እንዳትተኙ፤ ድምፅ የሚያወጣ አየር ስላልቀረ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ ሁሉ እመልሳለሁ።